ፋይል ስትቀይሩ ቴስቱ በራሱ እንዲሮጥ ማረግ፦ ከዝግጅት እስከ ብልሽት

ብዙ ሰው ዋቸር (ፋይል ሲቀየር አይቶ ቴስቱን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ይጭናል፣ ትንሽ ቀን ደስ ይለዋል፣ ከዛ «አንዳንዴ ይሮጣል አንዳንዴ ዝም ይላል» ብሎ ይዘጋውና ወደ ድሮው፣ በእጅ ራን ወደማረግ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቱሉ አይደለም። ቴስቱ በየትኞቹ ፋይሎች ላይ እንደተንጠለጠለ ሳይታወቅ ነው ዋቸሩ የተጫነው፣ ስለዚህ ዋቸሩ ኮዱን ብቻ ያያል፣ ቴስቱ ግን ኮዱንም፣ አንድ ጄሰን ፋይልም፣ የኤስኪውኤል ስክሪፕትም፣ ኮንፊግም ያነባል። ጄሰኑን ስትቀይሩ ምንም አይሮጥም፣ ስክሪኑ ላይ የቅድሙ አረንጓዴ እንዳለ ነው፣ እናንተም ያንን አይታችሁ ፑሽ ታረጋላችሁ። ያልሮጠ ቴስት አረንጓዴ መስሎ ከሚታይ ዋቸር ባይኖር ይሻላል።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ስሩት፣ በተለይ ደረጃ 1 እና ደረጃ 8ን እንዳትዘሉ፣ ሰው ሁሉ የሚዘላቸው እነሱን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው በፊደላችን ነው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የምታስገቧቸው። ሰረዙ፣ ነጥቡ፣ ኮማው ግን እንዳለ ነው፣ ሁለት ሰረዝ ካያችሁ ሁለት ሰረዝ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምንሰራበት ምሳሌ ትንሽ ነው። «ዋጋ.ፓይ» የሚባል ኮድ አለ፣ «ተመን.ጄሰን» የሚባል የዳታ ፋይል ከፍቶ ያነባል፣ «ቴስት_ዋጋ.ፓይ» ደግሞ ይፈትነዋል። ፓይተንና ፓይቴስት ነው የምጠቀመው፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጎ እና ግሬድል ለምትሰሩ ታች ላይ ለብቻው አለላችሁ፣ ግን ደረጃ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ለማንም ቋንቋ ያው ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ፦

- በጊት የሚያዝ ፕሮጀክት። ያልኮሚታችሁት ነገር ካለ ኮሚት አርጉት፣ በኋላ ሆን ብለን ፋይል ስለምንሰብር መመለሻ ያስፈልጋል።
- በእጅ ራን ሲደረግ የሚያልፍ ቴስት። አሁን ቀይ የሆነ ነገር ካለ መጀመሪያ አስተካክሉት።
- ዋችኤክሴክ የሚባለው ቱል። ለየትኛውም ቋንቋ ይሰራል፣ በሊነክስም በማክም በዊንዶውስም አለ፣ ለዛ ነው የመረጥኩት።

ደረጃ 1፦ ቴስቱ የሚነካቸውን ፋይሎች ዝርዝር አውጡ

ከጭንቅላታችሁ አትጻፉት። ታውቁታላችሁ ብላችሁ የምታስቡት ዝርዝር ሁሌም ይጎድላል። ማሽኑን ጠይቁት።

ሀ. ሊነክስ ላይ ከሆናችሁ ስትሬስ አለላችሁ፣ አንድ ፕሮግራም የትኞቹን ፋይሎች እንደከፈተ የሚመዘግብ ቱል ነው። «ስትሬስ -ኤፍ -ኢ ትሬስ=ኦፕንአት -ኦ ዱካ.ቲኤክስቲ ፓይቴስት» ብላችሁ አስነሱ። «-ኤፍ» ያስፈለገው ቴስታችሁ ሌላ ፕሮሰስ ከከፈተ እሱንም እንዲከተል ነው። ሲያልቅ «ዱካ» የሚለው ፋይል ውስጥ የተከፈተ ፋይል ሁሉ ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ፣ በሺህ የሚቆጠር መስመር ሊሆን ስለሚችል አትደንግጡ፣ የፕሮጀክታችሁን ፎልደር ስም በግሬፕ ፈልጉና እሱን ብቻ አስቀሩ። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንታችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ከሆነ እሱንም አውጡት።

ለ. ስትሬስ የሌላችሁ በፓይተን በራሱ ማግኘት ትችላላችሁ። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ «ሲስ.አድኦዲትሁክ» የሚል ፈንክሽን አለ። «ኮንፍቴስት.ፓይ» ውስጥ አንድ ሁክ (አንድ ነገር ሲከሰት ፓይተን ራሱ የሚጠራው ፈንክሽን) አስገቡ፣ የኢቨንቱ ስም «ኦፕን» ሲሆን የፋይሉን መንገድ አንድ ሴት ውስጥ ይጨምር፣ ፓይቴስት ሲጨርስ ሴቱን ፕሪንት አርጉ። ሶስት ነገር ተጠንቀቁ። ሁኩ ውስጥ ሎግ ለመጻፍ ፋይል እንዳትከፍቱ፣ መክፈታችሁ ራሱ ሁኩን መልሶ ይጠራውና ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ትገባላችሁ። ሁለተኛ አንዳንዴ በመንገዱ ቦታ ቁጥር ይመጣል፣ ስትሪንግ መሆኑን ቼክ አርጉ። ሶስተኛ አንዴ የገባ ሁክ ፕሮሰሱ እስኪያልቅ አይወጣም፣ ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳገኛችሁ ኮዱን አጥፉት።

ውጤቱ ላይ «ፓይካሽ» ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎች ካያችሁ ፓይተን ኮምፓይል ያረገውን ኮፒ ነው የከፈተው፣ እንደ ዋናው የፓይ ፋይል ቁጠሩት።

ሐ. ያገኛችሁትን ሶስት ቦታ ክፈሉት፦

1. ኮድ። ኢምፖርት የሚደረግ ሁሉ።
2. ዳታ። ጄሰን፣ ሲኤስቪ፣ ኤስኪውኤል፣ ኤችቲኤምኤል ቴምፕሌት፣ ለማመሳከሪያ የተቀመጠ ውጤት፣ ምናምን።
3. አካባቢ። የኮንፊግ ፋይል፣ የ«.ኤንቭ» ፋይል፣ የፓኬጅ ዝርዝርና የሎክ ፋይል።

ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ፋይል ስላልሆነ በሁለቱም መንገድ አይታይም፣ እሱን ኮዱ ውስጥ ፈልጋችሁ በእጅ ጨምሩ። ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ዳታም እንደዛው፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ዋቸር አያየውም፣ ስለዚህ ቴስቱ ራሱ ዳታቤዙን ከስክሪፕት እንዲሞላ አርጉና ስክሪፕቱን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 2፦ ቴስቱን ሁለቴ አከታትላችሁ አሩጡ

«ፓይቴስት»፣ ሲያልቅ ምንም ሳትነኩ እንደገና «ፓይቴስት»። ከዛ «ጊት ስታተስ --ኢግኖርድ»። ውጤቱ ላይ «ፓይካሽ» እና «.ፓይቴስት_ካሽ» መኖራቸው ችግር የለውም።

ሌላ አዲስ ወይም የተቀየረ ፋይል ካያችሁ ቴስታችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ይጽፋል ማለት ነው። እዚህ ጋ ቁሙ። ዋቸር ስታስነሱ ቴስቱ ፋይል ይጽፋል፣ ዋቸሩ «ፋይል ተቀየረ» ብሎ ቴስቱን ያስነሳል፣ ቴስቱ እንደገና ይጽፋል፣ ላፕቶፑ እስኪግል ይቀጥላል። በፓይቴስት «ቲኤምፒ_ፓዝ» የሚባለውን ፊክስቸር (ለቴስቱ የሚያስፈልገውን ቀድሞ የሚያዘጋጅ ኮድ) ተጠቅማችሁ ጽሁፉ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር እንዲሄድ አርጉ። ይሄን በኢግኖር ማለፍም ይቻላል፣ ግን ዛሬ ኢግኖር ያረጋችሁት ፋይል ነገ ሌላ ቴስት የሚያነበው ይሆናል፣ ከስሩ ማስተካከሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ብቻ የሚወድቅ ካለም ያው በሽታ ነው፣ የመጀመሪያው ዙር የተወው ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ መቶ ጊዜ ሊሮጥ ስለሆነ አሁን ያልተስተካከለ ነገር ቀኑን ሙሉ ያሾፍባችኋል።

ደረጃ 3፦ ዋቸሩን በቀላሉ ግጠሙ

ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ላይ ቆማችሁ፦

«ዋችኤክሴክ -ሲ -ኢ ፓይ,ጄሰን,ኤስኪውኤል,ቶምል -- ፓይቴስት -ኪው»

«-ሲ» በየዙሩ ስክሪኑን ያጸዳል፣ ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ የድሮ ውጤት ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ እንዳታነቡ ነው። «-ኢ» ላይ በደረጃ 1 ዝርዝር ውስጥ ያገኛችኋቸውን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ በኮማ፣ ያለ ክፍተት። መሃል ያለው ብቻውን የቆመ ሁለት ሰረዝ የዋችኤክሴክ ትዕዛዝ እዚህ አበቃ፣ ቀሪው የሚሮጠው ነው ማለት ነው፣ እሱን ከረሳችሁ «-ኪው» የሚለውን ዋችኤክሴክ የኔ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል።

አሁን «ዋጋ.ፓይ» ላይ አንድ ክፍተት ጨምራችሁ ሴቭ አርጉ። ሮጠ? ቀጥሉ። አልሮጠም? ታች «ምንም አይሮጥም» የሚለው ጋ ሂዱ፣ እሱ ሳይፈታ ወደ ደረጃ 4 መሄድ ዋጋ የለውም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ቴስት ተደምሮ አስር ሴኮንድ አካባቢ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ደረጃ 5ን እና 6ን ዝለሉ። ሁሉንም ማሮጥ ምንም አይረሳም፣ የተነካውን ብቻ የሚመርጥ ቱል ግን የሚረሳው ነገር አለው።

ደረጃ 4፦ መታየት የሌለባቸውን አስወጡ

ዋችኤክሴክ «.ጊትኢግኖር» ውስጥ ያለውን በራሱ ይዘላል። ጥሩ ነው፣ ግን በሁለት በኩል ይነክሳል።

አንዱ፣ ጊትኢግኖር ውስጥ ያልገባ የሚጻፍ ፋይል ካለ (ሎግ፣ ቴስቱ ስንቱን ኮድ እንደነካ የሚያሳየው የከቨሬጅ ሪፖርት) ዙር ይፈጥራል። «-አይ '**/ሪፖርት/**'» ብላችሁ አውጡት፣ ነጠላ ጥቅሱን እንዳትረሱ፣ ያለሱ ሼሉ ኮከቦቹን ቀድሞ ይተረጉማቸዋል።

ሌላው የሚብሰው ነው። ቴስቱ የሚያነበው ፋይል ጊትኢግኖር ውስጥ ካለ ዋቸሩ ጭራሽ አያየውም። «.ኤንቭ» ሁሌም እዛ ውስጥ ነው፣ መሆንም አለበት፣ ፓስወርድ አለበት። «--ኖ-ቪሲኤስ-ኢግኖር» ብትሉ ይታያል፣ ግን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱንና ሌላውን ቆሻሻ ሁሉ አብራችሁ ትጎትታላችሁ። የሚሻለው፣ ለቴስት የሚሆን ምንም ሚስጥር የሌለበት ኮንፊግ ለብቻው አውጥታችሁ በሚታይ ኤክስቴንሽን (ለምሳሌ ቶምል) ጊት ውስጥ አስገቡት፣ ቴስቱም እሱን ብቻ ያንብብ።

ደረጃ 5፦ የተነካውን ብቻ ማሮጥ

ቴስቱ ብዙ ደቂቃ ለሚወስድባችሁ ነው። «ፒፕ ኢንስቶል ፓይቴስት-ቴስትሞን» ጫኑ፣ ከዛ በእጃችሁ አንዴ «ፓይቴስት --ቴስትሞን» በሉ። የመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ያሮጣል፣ ከወትሮውም ትንሽ ይዘገያል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቴስት ሲሮጥ የቱን ኮድ እንደነካ እየመዘገበ ነው። መዝገቡ «.ቴስትሞንዳታ» የሚባል ፋይል ነው፣ ጊትኢግኖር ውስጥ ጨምሩት።

ሁለተኛ ስትሉት ምንም ስላልተቀየረ ምንም አያሮጥም። «ዋጋ.ፓይ» ውስጥ አንድ ፈንክሽን ቀይራችሁ ስትሞክሩ ያንን ፈንክሽን የነኩት ቴስቶች ብቻ ይሮጣሉ። ቀድሞ የወደቀ ቴስት እስኪያልፍ ድረስ በየዙሩ ይደገማል። የተጫኑ ፓኬጆች ከተቀየሩ ደግሞ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያሮጣል፣ ያ ብልሽት አይደለም።

አሁን ዋቸሩን ወደዚህ ቀይሩት፦

«ዋችኤክሴክ -ሲ -ኢ ፓይ -- ፓይቴስት --ቴስትሞን -ኪው»

ማስጠንቀቂያ፦ ከቨሬጅ መለኪያውን በዚህ ዙር ውስጥ አታስገቡ። ቴስትሞን ራሱ የሚሰራው በከቨሬጅ ላይብረሪ ስለሆነ ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ፣ ደግሞስ ጥቂት ቴስት ብቻ ሮጦ የሚወጣ ፐርሰንት ምን ይጠቅማል። ከቨሬጁን ፑሽ ከማረጋችሁ በፊት ለብቻው አሩጡት።

ደረጃ 6፦ የዳታ ፋይሎቹን መልሳችሁ አስገቡ

ደረጃ 5 ላይ «-ኢ» ውስጥ ፓይ ብቻ እንደቀረ አስተውላችኋል? ሆን ብዬ ነው። ቴስትሞን የሚከታተለው የፓይተን ኮድ ብቻ ነው። «ተመን.ጄሰን» ቢቀየር ዋቸሩ ቢያየውም ቴስትሞን «ምንም ኮድ አልተቀየረም» ብሎ ዜሮ ቴስት ያሮጥና በሰላም ይጨርሳል። ስክሪኑ ላይ ምንም ቀይ የለም። መግቢያው ላይ ያልኩት አደጋ በትክክል ይሄ ነው፣ ጄሰኑን ዋቸሩ ላይ ስለጨመራችሁ ብቻ ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል።

መፍትሄው ሁለተኛ ተርሚናል ነው፦

«ዋችኤክሴክ -ሲ -ኢ ጄሰን,ኤስኪውኤል,ቶምል -- ፓይቴስት -ኪው»

ይሄኛው ያለ ቴስትሞን ነው፣ ዳታ ሲቀየር ሁሉንም ያሮጣል። ዳታ ፋይል እንደ ኮድ በየደቂቃው ስለማይቀየር ይሄ ብዙ አይከብድም። ከከበደ የዳታ ፋይሎቹን የሚያነቡትን ቴስቶች አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡና ከ«ፓይቴስት» ቀጥሎ የዛን ፎልደር ስም ስጡት።

ሁለቱንም ተርሚናሎች በቴስትሞን አታስነሱ። ብራንች ስትቀይሩ ኮዱም ዳታውም አንዴ ስለሚቀየር ሁለቱም እኩል ይነሱና አንዱን መዝገብ ለመጻፍ ይጋፋሉ። ቴስቶቻችሁ አንድ ዳታቤዝ ወይ አንድ ፖርት የሚጋሩ ከሆነም ሁለቱ ተርሚናሎች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ያኔ ለሁለተኛው የተለየ የዳታቤዝ ስም ወይ ፖርት በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ስጡት።

ደረጃ 7፦ መሃል ላይ ሴቭ ስታረጉ ምን ይሁን?

ቴስቱ እየሮጠ ሌላ ሴቭ ካረጋችሁ፣ እየሮጠ ያለው ውጤት የድሮ ኮድ ነው። ረጅም ከሆነ ማቆምና እንደ አዲስ ማስነሳት ይሻላል፣ «-አር» ጨምሩ።

ግን ብቻውን አትጨምሩት። ዋችኤክሴክ ፕሮሰሱን የሚያቆመው በተርሚኔት ሲግናል ነው፣ ፓይተን ደግሞ ይሄ ሲግናል ሲደርሰው የፊክስቸር ማጽጃ ኮድ ሳያሮጥ እዛው ይወድቃል። የተከፈተ የቴስት ዳታቤዝ፣ ያልተዘጋ ሰርቨር፣ ጊዜያዊ ፋይል ሁሉ እንዳለ ይቀራል፣ ቀጣዩ ዙር «አድሬሱ ተይዟል» ብሎ ይወድቃል፣ እናንተም የኮድ ችግር መስሏችሁ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ስለዚህ «-አር --ስቶፕ-ሲግናል ሲግኢንት» በሉት። ይሄ ኮንትሮል ሲ እንደመጫን ነው፣ ፓይቴስት ያውቀዋል፣ አጽድቶ ይወጣል። በ10 ሴኮንድ ካልወጣ ዋችኤክሴክ በግድ ይገድለዋል፣ ማጽጃችሁ ከዛ በላይ የሚወስድ ከሆነ «--ስቶፕ-ታይምአውት» አስረዝሙለት።

ደረጃ 8፦ ሆን ብላችሁ ስበሩት

ይሄን ካልሰራችሁ እስካሁን የሰራችሁት ግምት ነው።

1. የደረጃ 1 ዝርዝርን ክፈቱ። ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ ፋይል ምረጡ።
2. ፋይሉን ቴስቱ መውደቅ በሚገባው መንገድ ስበሩት። ለምሳሌ «ተመን.ጄሰን» ውስጥ 15 የሚለውን 51 አርጉት። ክፍተት መጨመር እዚህ አይበቃም፣ ዋቸሩ መነሳቱን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ ትክክለኛው ቴስት መሮጡን አያሳይም።
3. ሴቭ። ሳትነኩ ጠብቁ። ቀይ መጣ?
4. መልሱት፣ ሴቭ። አረንጓዴ መጣ?
5. ቀይ ያልመጣበትን ፋይል ምልክት አርጉ። ወይ ኤክስቴንሽኑ አልገባም፣ ወይ ጊትኢግኖር ውስጥ ነው፣ ወይ መራጩ ቱል አያውቀውም፣ ወይ ቴስታችሁ ያንን ዳታ በሞክ (በውሸት ምትክ) ስለተካው መጀመሪያውንም አይነካውም። የመጨረሻው ከሆነ ዋቸሩ ትክክል ነው፣ ዝርዝሩን አስተካክሉ።

ከዛ አራት ነገር ደግሞ ሞክሩ፦ አዲስ የቴስት ፋይል ፍጠሩ፣ አንዱን ስሙን ቀይሩ፣ አንዱን አጥፉ፣ ብራንች ቀይራችሁ ተመለሱ። አዲስ ፋይል ሲፈጠር የማይነሳ ዋቸር በጣም የተለመደ ነው፣ ሲነሳ የነበሩትን ፋይሎች ብቻ ነዋ የያዘው። ፎልደሩን እንዲያይ አርጉት እንጂ የፋይል ዝርዝር አትስጡት።

በሌላ ቋንቋ ለምትሰሩ

ጃቫስክሪፕት በጄስት፦ «--ዋች» ከጊት ጋር ነው የሚሰራው፣ ካለፈው ኮሚት ወዲህ ከተቀየሩ ፋይሎች ጋር የተያያዙትን ቴስቶች ብቻ ያሮጣል። ኮሚት ካረጋችሁ በኋላ «የተያያዘ ቴስት አላገኘሁም» ቢላችሁ አልተበላሸም፣ የተቀየረ ነገር ስለሌለ ነው፣ «ኤ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ ሁሉንም ያሮጣል። ጊት ከሌለ «--ዋችኦል» ነው። ጄስት ትስስሩን የሚያውቀው ኢምፖርትና ሪኳየር በማንበብ ስለሆነ ጄሰኑን ኢምፖርት ካረጋችሁት ያየዋል፣ በ«ኤፍኤስ.ሪድፋይልሲንክ» ከከፈታችሁት ግን አያየውም። በጣም ቀላሉ መፍትሄ ቴስቱ ውስጥ ጄሰኑን ኢምፖርት ማረግ ነው።

ቫይቴስት፦ ዲቨሎፕመንት ላይ ራሱ በዋች ይነሳል። ኢምፖርት ላልተደረጉ ፋይሎች ኮንፊጉ ላይ «ፎርስሪራንትሪገርስ» አለ፣ እዛ የጠራችሁት ፋይል ሲቀየር ሁሉንም ያሮጣል። የራሳችሁን ስትጽፉ ነባሪዎቹን፣ ማለትም የ«ፓኬጅ.ጄሰን» እና የኮንፊግ ፋይሎቹን ፓተርን፣ መልሳችሁ ጨምሩ፣ ያለዛ ይጠፋሉ። ሲአይ (ፑሽ ስታረጉ ቴስቱን በራሱ የሚያሮጠው ሰርቨር) ላይ «ቫይቴስት ራን» በሉ።

ጎ፦ እናንተ እድለኞች ናችሁ። «ጎ ቴስት ./...» ውጤቱን ካሽ ያረጋል፣ ቴስቱ ሞጁሉ ውስጥ የከፈታቸውን ፋይሎችና ያነበባቸውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችም ይቆጥራል፣ ስለዚህ ዋችኤክሴክ ላይ «-ኢ ጎ,ጄሰን» ብላችሁ ሁሉንም አስነሱ፣ ያልተነካው ፓኬጅ «ካሽድ» ብሎ ያልፋል። ውጪ ያለ ዳታቤዝ ላይ ለተንጠለጠለ ቴስት «-ካውንት=1» ጨምሩ፣ ካሹን ይዘለዋል።

ግሬድል፦ «ግሬድል ቴስት --ኮንቲኒየስ»። ቴስቱ የሚያነበው ዳታ ከተለመደው የሪሶርስ ፎልደር ውጪ ከሆነ የቴስት ታስኩ ኢንፑት ላይ አስመዝግቡት፣ አለበለዚያ «አፕ-ቱ-ዴት» ብሎ ያልፈዋል።

ሲበላሽ

ምንም አይሮጥም። መጀመሪያ «-ኢ»ንና «-አይ»ን አውጥታችሁ፣ «--ኖ-ቪሲኤስ-ኢግኖር» እና «--ፕሪንት-ኢቨንትስ» ጨምራችሁ አስነሱና ሴቭ አርጉ። አሁን ኢቨንት (ፋይል ተቀየረ የሚል መልእክት) ከመጣ ጥፋቱ ያወጣችሁት ፊልተር ነው፣ እሱን እዩ። ኢቨንት ራሱ ካልመጣ የፋይል ሲስተሙ ነው። ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚጋራ ፋይል ሲስተም) ላይ ሌላ ማሽን የቀየረው ፋይል ኢቨንት አይልክላችሁም፣ የቨርቹዋልቦክስ ሼርድ ፎልደርም እንደዛው። ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ የሚሮጥ ሊነክስ) ላይ ሆናችሁ ፕሮጀክቱ የዊንዶውሱ ድራይቭ ላይ ከተቀመጠ ፕሮጀክቱን ወደ ሊነክሱ ሆም ፎልደር አዛውሩት፣ ፍጥነቱም ይሻላል። ማዛወር የማትችሉ ፖሊንግ (ኢቨንት ሳይጠብቁ በየጊዜው ፋይሎቹን ማየት) ተጠቀሙ፣ ዋችኤክሴክ «--ፖል» አለው፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያይ አብራችሁ ስጡት። ፖሊንግ ፕሮሰሰር ይበላል፣ ስለዚህ «-ደብሊው» ብላችሁ የምታዩትን ፎልደር አጥብቡ።

«ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ይላል፣ ዲስኩ ግን ባዶ ነው። ሊነክስ ላይ ብቻ ነው። ኢኖቲፋይ በሚባለው የከርነል ክፍል ለአንድ ዩዘር የተፈቀደው የዋች ቁጥር አልቋል። ኢኖቲፋይ ለእያንዳንዱ ንዑስ ፎልደር ለብቻው አንድ ዋች ይይዛል፣ «ኖድ_ሞጁልስ» ያለበት ፕሮጀክት ደግሞ በቀላሉ በሺዎች ይጨርሳል። ድሮ ገደቡ 8192 ነበር፣ ከከርነል 5.11 ወዲህ እንደ ሜሞሪው መጠን ይሰላል። የናንተን ለማየት «ካት /ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/ኢኖቲፋይ/ማክስ_ዩዘር_ዋችስ»። መጀመሪያ ትልልቆቹን ፎልደሮች አውጡ። ካልበቃ «ሱዶ ሲስሲቲኤል ኤፍኤስ.ኢኖቲፋይ.ማክስ_ዩዘር_ዋችስ=524288»፣ ሪስታርት ሲደረግ እንዳይጠፋ መስመሩን «/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ውስጥ ፋይል ከፍታችሁ ጻፉት።

ማቆሚያ የለውም። ሳትነኩት ራሱን እየደጋገመ ነው። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፣ የትኛው ፋይል እንደሆነ «--ፕሪንት-ኢቨንትስ» በስሙ ይነግራችኋል። ፎርማተር (የኮዱን አጻጻፍ በራሱ የሚያስተካክል ቱል) ሴቭ ላይ ፋይሉን መልሶ የሚጽፍ ከሆነም እንዲህ ሊመስል ይችላል፣ ግን እሱ ሁለቴ ሮጦ ይቆማል።

አንድ ሴቭ፣ ሁለት ዙር። ኤዲተሩ ጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ስሙን ስለሚቀይር ወይ ፎርማተሩ ስለሚከተል ነው። የዋችኤክሴክ የመጠበቂያ ጊዜ 50 ሚሊሴኮንድ ነው፣ «--ዲባውንስ» ወደ 300 ሚሊሴኮንድ ከፍ አርጉት። ብራንች ስትቀይሩ ደጋግሞ የሚነሳውም በዚሁ ይረግባል።

አንዴ ከሮጠ በኋላ ያንን ፋይል አያየውም። አንድን ፋይል ነጥሎ የሚያይ ዋቸር ላይ ቪም ስትጠቀሙ የሚመጣ ነው። ቪም አንዳንዴ አዲስ ፋይል ጽፎ በድሮው ስም ይተካዋል፣ ዋቸሩ የድሮውን ይዞ ይቀራል። ፋይሉን ሳይሆን ያለበትን ፎልደር እንዲያይ አርጉ፣ ካልሆነ ቪም ላይ «ሴት ባክአፕኮፒ=የስ»።

በዋቸሩ ያልፋል፣ ሲአይ ላይ ይወድቃል። ቴስትሞን ያልመረጠው ቴስት ሊኖር ይችላል። «.ቴስትሞንዳታ»ን አጥፉና ሁሉንም እንደ አዲስ አሩጡ። ሲአዩ ላይ ደግሞ ቴስትሞንን ጭራሽ አታስገቡት፣ እዛ ሁሌም ሙሉው ይሩጥ። አሁን እናንተም ጋ ከወደቀ የሚወድቀው ቴስት የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ በደረጃ 1 መንገድ አውጡና ፋይሉን ወደ ሁለተኛው ተርሚናል ጨምሩት። እናንተ ጋ አሁንም ካለፈ ግን የዋቸሩ ጉዳይ አይደለም፣ ኮሚት ያላረጋችሁት ፋይል ካለ እዩ።